ቀዩ ቀስት

ባሌ ሻይ ሲጠጣ ዲግሪ ይጠራ ነበር። እውነቴን ነው። ብርጭቆውን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ወደ ከንፈሩ አስጠግቶ፣ ገና ሳይጎነጭ «ይኼ ሰባ ገደማ ነው» ይላል። የእግር ውኃ ሳቀርብለት «አርባ! ተባረኪ» ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን እየቀለደብኝ መስሎኝ እኮርፍ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ማቅለሚያ ክፍል ነበር የሚሠራው፤ ክሩ በጋለ ቀለም ሲቀቀል የሙቀቱን መለኪያ የሚጠብቀው እሱ ነው። ሙቀቱ ካነሰ ቀለሙ አይይዝም፣ ከበዛ ክሩ ይበላሻል። ቀኑን ሙሉ መለኪያ ላይ አፍጥጦ የሚውል ሰው ቤቱ ሲገባ ዓይኑን የት ይጣለው?

እኔ ደግሞ የዘጌ ልጅ ነኝ። እኛ ቤት ሙቀት ስም እንጂ ቁጥር አልነበረውም። ቀዝቃዛ አለ፣ ለብ ያለ አለ፣ ሞቅ ያለ አለ፣ ትኩስ አለ፣ የሚፋጅ አለ፤ ከዚያ በኋላ የፈላ ነው፣ አለቀ። መለኪያችንም ክርን ነው። ክርኔን ውኃው ውስጥ ነክሬ ካላስደነገጠኝ ለሕፃን ገላ ይሆናል። ባሌ ይኼን ሲያይ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር።

«አቦ፣ ያንቺ ክርንና የጎረቤትሽ ክርን አንድ ነው?» ይለኛል። የድሬዳዋ ልጅ ነውና አቦ ሳይል ወሬ አይጀምርም።

«ያንተስ ዲግሪ ስንት ሕፃን አጥቦ አሳድጓል?» እለዋለሁ።

በተጋባን ሰሞን አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ማከማቻ ጡብ የሚያህል በረዶ በጆንያ ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ። ሌላው ባል ሽቶ ያመጣል፣ የኔው በረዶ! ከሰማይ የሚወርደውን ለቅሜ አውቃለሁ እንጂ እንዲህ ያለ ትልቅ በረዶ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ድስት ውስጥ ሰባብሮ ጨመረውና ከሥራ ቦታው በውሰት ያመጣትን የመስታወት መለኪያ መሐሉ ላይ ሰካት። «አሁን እያት» አለኝ። በረዶው እየቀለጠ ድስቱ ውኃ ያዘ፤ መለኪያዋ ግን ዜሮ ላይ ተገትራ ቀረች። የመጨረሻዋ ቁራጭ ሟሙታ እስክታልቅ ድረስ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ በኋላ ነው ቀስ እያለች መውጣት የጀመረች። ቀጥሎ ድስቱን ምድጃ ላይ ጣደው። ዘጠና አራት ላይ ስትደርስ ውኃው ተፍለቀለቀ፣ መለኪያዋም እንደገና ቆመች። እሳት ብንጨምርበት እንፋሎቱ በዛ እንጂ ቁጥሩ ፈቅ አላለም።

«መጽሐፉ መቶ ላይ ይፈላል ነው የሚለው፤ ያገርሽ ውኃ ግን ችኩል ነው» አለኝ። «ከፍታው ነው ነገሩ። እኛ አገር ከዚህ ይዘገያል።»

«ያገሬን ውኃ አትንካብኝ!» ብዬ በማማሰያ አባረርሁት። ውኃ መልኩን ከመለወጡ በፊት እንደዚያ ቆሞ እንደሚቆይ ያን ቀን ነው ያወቅሁ። ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ችግሩ አባቴ ነበሩ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዜማ የሚያስተምሩ፣ ዘጌ ላይ በድምፃቸው የታወቁ። ልጃቸው የደብተራ ልጅ ታገባለች ብለው ሲጠብቁ፣ ከቆላ የመጣ፣ ካኪ የሚለብስ፣ በየሳምንቱ የፋብሪካው የውይይት ክበብ ውስጥ «ጓድ» እየተባለ የሚቀመጥ ሰው ይዤባቸው መጣሁ። በዚያ ዘመን ክበብ የማይቀመጥ ሠራተኛ እንደሌለ ብነግራቸው አልሰሙኝም። ሠርጉ ላይ ተገኙ፣ መረቁ፣ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ቤቴን አልረገጡም። ገበያ ላይ ሲያገኙን እንኳ ባሌን በቀጥታ አያናግሩትም። አጠገቤ ቆሞ እያዩት «ሰውዬሽ ደህና ነው?» ይሉኛል። እሱ ጎንበስ ብሎ «ደህና ነኝ አባባ» ይላል። እሳቸው ደግሞ እኔን እያዩ «ደህና ነው ወይ?» ይላሉ እንደገና። ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም።

ከዚያ ልጄን ወለድሁ። ሴት ናት። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ አባቴም በታንኳ በሚመላለስ ሰው «እመጣለሁ፤ ቤቷ አድሬ ጧት አብረን እንሄዳለን» ብለው ላኩብኝ። እልል ብዬ ዘለልሁ። ቀጥሎ ግን ፈራሁ። የሚጠረጥሩትን አውቃለሁ፤ ይኼ ጓድ የልጅ ልጄን ሳያስጠምቅ ያስቀራታል የሚል ነው። ያ ቀን በምንም ሰበብ ቢያልፍ፣ ታንኳቸው ላይ ወጥተው ይሄዳሉ፤ ዳግመኛም አይመጡ። ባሌ ዕድሜውን ሙሉ «ሰውዬሽ» እንደተባለ ይቀራል፣ ልጄም አያቷን ሳታውቅ ታድጋለች። ባሌ ይኼን ከኔ አብልጦ ያውቅ ነበር። አባቱ ገና በልጅነቱ ነው የሞቱበት፤ አባቴን «አባባ» ሲላቸው ከአንጀቱ ነበር።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ አባቴ መጡ። እንጨት ጭነው ከሚሻገሩት ታንኳዎች በአንዱ ነው የመጡ። ነጭ ጋቢ፣ መቋሚያ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ጧፍ። ጧፉን ለልጅ ልጃቸው ብለው ከገዛ ቀፏቸው ሰም በእጃቸው ነው የሠሩት። መደቡ ላይ አረፍ ብለው ጨርቁን ሲፈቱት ጧፉ ሁሉ እንደ ማጭድ ጎብጧል። የግንቦት ፀሐይ ሐይቅ ላይ ስታገኝህ ምሕረት አታውቅም፤ ሰሙን በጨርቁ ውስጥ አለስልሳ አጣጥፋዋለች። የአባቴ ፊት ጠቆረ።

ባሌ አፉን መያዝ አቃተው። «አባባ፣ ሰም የሚቀልጠው ስልሳ ምናምን ላይ ነው፤ መልፈስፈስ የሚጀምረው ግን ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ነው» አለ።

«ሰውዬሽ ምን አለ?» አሉኝ አባቴ።

«ጧፉ ይቃናል ነው የሚል» አልሁ።

አቃናውም። እኔ በክርኔ የለካሁት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አንድ በአንድ እየነከረ፣ ጣውላ ላይ በመዳፉ እያንከባለለ ቀጥ አደረገው፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጨምሮ አጠነከረው። አባቴ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩት። ባሌም ምስጋና ያጎረሱት ይመስል ደረቱን ነፋ።

አመሻሽ ላይ የልጄ የክርስትና እናት የምትሆነው ጎረቤታችን ገባች። ቀድሞ አሜሪካኖች ቤት ወጥ ቤት ነበረች፤ ሰዎቹ ከአገር ሲወጡ ከተዉላት ዕቃ አንዷን ለልጄ ስጦታ ይዛ መጣች። በጠባብ ሣጥን የተኛች ቀጭን የትኩሳት መለኪያ ናት። «መጀመሪያ እንዲህ አርጋችሁ አራግፏት፣ ከዚያ ብብቷ ውስጥ አርጉ። ሴትዮዋ ለልጆቿ እንደዚያ ነበር የምታረግ» አለችና የነገውን ድግስ ልታግዘኝ ወደ ጓዳ አለፈች።

ያን ጊዜ ባሌን ማየት ነበር! ጥርሱ አልከደን አለ። አማቱ ቤቱ ተቀምጠው፣ በዓለም ላይ ከሁሉ የሚያውቀው ነገር እጁ ገባ። አሁን ሙያውን ሊያሳያቸው ነው። መለኪያዋን ወደ ብርሃኑ አገላበጣት፣ አራገፋት፣ የልጄን ጥብቆ በቀስታ ገልጦ ብብቷ ውስጥ አስገባት። «አሁን ያያሉ አባባ፤ ሠላሳ ሰባት ትሆናለች። ጤነኛ ሰው ሁሉ ሠላሳ ሰባት ነው» አለ። አባቴም ሳይወዱ በግድ አንገታቸውን አሰገጉ።

አወጣት። አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምን ሆነች?» አልሁት።

«ቀዩ ላይ ናት» አለኝ።

ማቅለሚያ ክፍሉ ውስጥ ባለው መለኪያ ሁሉ ላይ ቀይ ምልክት አለ። ቀዩን ከነካ እንፋሎቱ ይዘጋል፣ ሰው ገሸሽ ይላል፣ ኃላፊው እየሮጠ ይመጣል። ባሌ ያንን ነው የሚያውቅ፤ ለሱ ቀይ ማለት አደጋ ነው። ይቺ የአሜሪካኖች መለኪያም ላይ ትንሽ ቀይ ቀስት ተሥላለች፤ የልጄ ሙቀት ልክ እሷ ላይ ቆሟል። ቁጥሩ ደግሞ ዘጠና ስምንት ነው።

«ዘጠና ስምንት!» ብሎ ጮኸ። «አቦ፣ ያገርሽ ውኃ እንኳ በዘጠና አራት ይፈላል!»

ዛሬ ሳስበው ሳቄ ይመጣል። የፈላች ልጅ እቅፍ ውስጥ ተኝታ ታዛጋለች እንዴ? ያን ጊዜ ግን ማን አስቦ! ገላዋን ዳሰስሁ፤ ክርኔ ደህና ናት ይላል። ባሌ ደግሞ መለኪያ አይዋሽም ይላል። ሆስፒታል እንውሰዳት ብሎ ጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሮ አጠለቀ።

«ዛሬ ከወሰድናት ያስተኟታል። ክርስትናው ሊቀር ነው!» አልሁት።

«ይቅራ! ልጄ ትኑርልኝ እንጂ!»

ዞር ስል አባቴ መቋሚያቸውን አንሥተው ቆመዋል። ያ የፈራሁት ጥርጣሬ ፊታቸው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ለሰውዬሽ ንገሪው» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አርገው። «ማስጠመቅ ካልፈለገ አልፈልግም ይበል። በመስታወት ማሳበብ አያሻውም።»

ባሌ በቆመበት ደርቆ ቀረ። ዓይኑ እንባ ሞላ። እንደዚያ ሆድ የባሰኝ ቀን የለም፤ በሁለቱም ደሜ ፈላ። እንዲያውም በልጄም ተናደድሁ፣ እሷ እቴ ምን ገዷት ጡቴን ትፈልጋለች።

«ሁለታችሁም ተቀመጡ!» ብዬ ጮህሁ። አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። «ያችን ነገር ወዲህ አምጣት። መጀመሪያ እኔን ለካኝ!»

«አንቺን ለምን?»

«እኔ ደህና ነኛ! የደህና ሰው የት ላይ እንደምትቆም ሳናይ የሷን በምን እናውቃለን?»

አራግፎ ብብቴ ውስጥ አደረገልኝ። ቆየን። አወጣት፣ አየ፣ ደግሞ አየ።

«እህ?»

«አንቺም ቀዩ ላይ ነሽ» አለኝ፣ ለቅሶ ቤት እንደ ገባ ሰው።

«በል ራስህን!»

ራሱን ለካ። ከቀዩ ትንሽ አለፍ ብሏል፤ መቼስ በድንጋጤ ቤቱን ሲዞረው ነበር። ጎረቤታችንን ከጓዳ ጠራናት። ሽንኩርት የነካ እጇን ወደ ላይ ሰቅላ ቆመች። ቀዩ ላይ። «ኧረ በስመ አብ፣ ምን አገኛችሁብኝ? ልሞት ነው?» ስትል የያዝሁት ሳቅ አመለጠኝ። አሁን ያልተለኩ አንድ ሰው ብቻ ቀሩ።

ሦስታችንም ወደ አባቴ ዞርን። አባቴ ለሐኪም እንኳ ብብታቸውን ገልጠው የማያውቁ ሰው ናቸው። ባሌ መለኪያዋን ይዞ አንድ እርምጃ መቅረብ ፈራ። አባቴ ልጄን አዩ፣ የባሌን እርጥብ ዓይን አዩ። ከዚያ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ጋቢያቸውን ገለጥ አረጉ።

መለኪያዋን ብብታቸው ውስጥ ይዘው፣ ማኅሌት እንደሚቆሙ ሁሉ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዳዊት መድገማቸው ነው። ባሌ መለኪያዋን ተቀበላቸው።

«ዘጠና ሰባት ተኩል» አለ።

አባቴ ነገሩን አሰላስለው ወደኔ ዞሩ። «የባሕር ዳር ውኃ በስንት ይፈላል ነው ያለ?»

«በዘጠና አራት፣ አባባ።»

«እንግዲያውስ እኔ ቀድሜ ፈልቻለሁ፣ አልታወቀኝም እንጂ» አሉ።

አቤት የሳቅን ሳቅ! ጎረቤታችን መሬት ላይ ቁጭ አለች። ባሌ እያለቀሰ ይስቃል፣ ጫማው አሁንም እንደተቀያየረ ነው። ልጄም በሁካታው ተደናግጣ እሪ አለች፤ ለቅሶዋን ስሰማ ደህና መሆኗን ከየትኛውም መለኪያ ይልቅ አመንሁ።

ባሌ ሳቁ ሲበርድለት ግንባሩን ቋጠረ። «ሁላችንም እዚያው ከሆንን ቀዩ የጤና ቦታ ነው ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ቁጥሩስ ግን? ሰው ሠላሳ ሰባት ነው። አንድ ገላ እንዴት ሁለት ቁጥር ይኖረዋል?»

የመለሱት አባቴ ናቸው። ባሕረ ሐሳብ የተማሩ፣ በዓላቱንና አጽዋማቱን ሲያሰሉ የኖሩ ሰው ናቸው። «አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ።

«አሥራ ሁለት ሊሆን ነው።» ፀሐይዋ በዘጌ በኩል ሐይቁ ላይ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር።

«በፈረንጅስ?»

«ስድስት።»

«ፀሐይዋ ስንት ናት?»

«አንድ ናት እንጂ፣ አባባ።»

«እኛ ከንጋት እንቆጥራለን፣ እነሱ ከእኩለ ሌሊትና ከእኩለ ቀን ይቆጥራሉ። ይችን የሠራትም ሰው ቁጥሩን ከሌላ ቦታ ጀምሮት ይሆናል። ልጅቱ ያችው ናት። ለሰውዬሽ ንገሪው።»

«ሰምቻለሁ አባባ» አለ ባሌ። ፊቱ በርቶ ነበር።

ኋላ የፋብሪካው መሐንዲስም ይኼንኑ ነገረው። አሜሪካኖች ውኃ በረዶ የሚሆንበትን ሠላሳ ሁለት ይሉታል፣ መጽሐፉ መቶ የሚለውን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፤ የአንዷ ዲግሪ እርምጃም ከኛ ታጥራለች። ቀዩ ቀስት የጤነኛ ሰው ልክ ነው። ባሌ ግን ለሳምንት ያህል «ደህና መሆንን በቀይ የሚጽፍ ምን ዓይነት ሰው ነው!» እያለ ሲበሳጭ ከረመ።

ያን ምሽት ዓሣ በላን። ከቀበሌው ሱቅ ተሰልፌ ባገኘሁት ስኳር ሻይ አፈላሁ። አባቴ ብርጭቆውን አንሥተው «ሰውዬሽን ጠይቂው፣ ይኼ ስንት ነው?» አሉኝ። ባሌ ከወዲያ ማዶ «ሰባ አምስት አባባ!» አለ። ፉት አሉና «ይፋጃል» አሉ። «እሱም ትክክል ነው» አለ ባሌ። አሁንም ግን «ሰውዬሽ» ነው። ያ በረዶ ድስቱ ውስጥ እየቀለጠ መለኪያዋ ዜሮ ላይ ተገትራ የቀረችው ትዝ አለኝ፤ እንጠብቅ አልሁ በሆዴ።

ሊነጋጋ ሲል ተነሣን። ባሌ ያቺን መለኪያ ኪሱ ይዟት ሊሄድ ፈልጎ ቤቱን ቢያምስ አጣት። «ቤተ ክርስቲያን ምን ልታረግልህ ነው? ተዋት!» ብዬ ገፍትሬ አስወጣሁት።

ልጄ መጠመቂያው ውኃ ውስጥ ስትገባ ጩኸቷ ጣሪያውን አናወጠው። አባቴ ከመዘምራኑ ጋር ሆነው ያንን ድምፃቸውን ለቀቁት፤ ስንት ዘመን ሆኖኝ ነበር ሳልሰማው። ጧፎቹ አንዱም ሳይጎብጥ ቀጥ ብለው ነደዱ። ባሌ በወንዶቹ በኩል ቆሞ አንዷን ጧፍ በሁለት እጁ ይዟል፤ የቀለጠው ሰም ጣቱ ላይ ሲወርድ እንኳ አላወቀም። ክርኔን ወደ ውኃው መላክ አይቻለኝም እንጂ ቀዝቃዛ እንደነበረ ከልጄ ጩኸት አውቄዋለሁ። ቅብዓ ቅዱሱን ተቀብታ፣ አንገቷ ላይ ማተብ ታስሮላት፣ በክርስትና እናቷ እቅፍ እንቅልፍ ወሰዳት።

ቅጥሩ ውስጥ ዛፉ ሥር ቆመን እንኳን ደስ አላችሁ ስንባል አባቴ ወደኛ መጡ። እንደ ልማዴ በመሐላቸው ልቆም ጠጋ አልሁ፤ አሁን «ሰውዬሽ» ሊሉኝ ነው ብዬ። አለፉኝ። ባሌ ፊት ቆሙና የጋቢያቸውን ጠርዝ ቋጠሮ ፈቱ። ወይ ጉድ፣ መለኪያዋ! ማታውኑ ደብቀዋት አድረው ኖሯል። ጎረቤታችን እንዳሳየችው አድርገው አራገፏት።

«ክንድህን አንሣ» አሉ።

ባሌ ግራ ገብቶት ወደኔ አየ።

«አንተን ነው የምል።»

ክንዱን አነሣ። አባቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መለኪያዋን ብብቱ ውስጥ አስገቡና እስክትሞቅ ድረስ ክንዱን በገዛ እጃቸው ይዘው ቆዩ። አውጥተው ገና ወደምትወጣው ፀሐይ ዘንበል አረጓት፤ ቁጥሩን አላዩትም፣ ቀስቷን ብቻ ፈለጉ።

«ቀዩ ላይ ነህ» አሉት። «ደህና ነህ፣ ልጄ።»